የጡሩምባው ድምፅ ስንት ጊጋ ነው?

መስከረም 22

ሽቦ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምርና ዝቅ ስል አፈርሰዋለሁ።

ባለፈው በስልክ "ላፕቶፑ ምን ሆኖ ነው ሚሞሪ የሚያስፈልገው?" ስትለኝ አፌን ዘግቼ የቀረሁት ጋሼህ አጠገቤ ስለነበር ነው። ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። ያ የላክልኝ ሚጢጢ ላፕቶፕ የልብስ ንድፎቼን ካስገባሁበት ወዲህ "ቦታ የለኝም" እያለ ይነጫነጫል እንጂ ጤነኛ ነው። የታመመው ጋሼህ ነው፣ የእኔው ባል።

ያ ጉንፋን ነው ስንለው የከረመው የጉሮሮው ነገር ጉንፋን አይደለም። ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ኦፕራሲዮን ይደረጋል፣ የድምፅ ሳጥኑ ይወጣል። ሕይወቱ ይተርፋል፣ ድምፁ አይተርፍም። እንዲህ ነው በአጭሩ የነገረን፤ እኔም በአጭሩ ነገርኩህ።

እስቲ አስበው ሽቦ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ጣቢያ ማይክ ይዞ መንገደኛ ሲጠራ የኖረ ሰው፣ ሰፈር ሁሉ ጡሩምባው የሚለው ሰው! ቤት ውስጥ ሲያወራ "እባክህ ጆሮዬን አሳርፈው" ያልኩትን አሁን ሳስበው ምላሴን መንከስ ያምረኛል። ድምፁን ማስቀረት እፈልጋለሁ። ፊቱም ይኑርበት፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ካላየሁ እሱ መሆኑን አላምንም። ላፕቶፑ ካሜራ አለው፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ቀጭን ቀዳዳ አለ፣ የሚሞሪ ካርድ ነው አሉኝ።

ሱቅ ገብቼ "ሚሞሪ ስጠኝ" ስለው ባለ ሱቁ "የስንት?" አለኝ። "የአንድ ሰው" አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ ካርዶቹን እንደ ቁልፍ በጠረጴዛው ላይ በተናቸው። አንዱ ሠላሳ ሁለት፣ አንዱ መቶ ሃያ ስምንት፣ አንዱ ክብ ውስጥ አስር ቁጥር ያለበት፣ አንዱ ባልዲ በመሰለ ምልክት ውስጥ አንድ፣ አንዱ ባልዲ ውስጥ ሦስት። ባልዲው ምንድን ነው? ሦስቱስ ለምን ገባበት? ዞሮብኝ ባዶ እጄን ወጣሁ።

በስልክ አትንገረኝ። ስልክ በጮኸ ቁጥር እየሮጠ የሚያነሳው እሱ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ጉሮሮህን አሳርፍ ብሎታል። ጽፈህ ለረጅም መንገዱ ሾፌር ስጠው። የጋሼህ ወዳጅ ነው፣ በእጄ ያስረክበኛል። ወረቀቱን ይዤ ሱቅ እገባለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 3

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ስለ ጋሼ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እግዚአብሔር ያበርታችሁ። ለኦፕራሲዮኑ መምጣት ባለመቻሌ ይቅር በይኝ፤ ሥራ ቦታ ተተኪ አጥቻለሁ። በሾፌሩ በኩል በቃል "ለእማዬ እንዳትነግራት" ብለሽ ለላክሽብኝ ደግሞ እሺ፤ ምንም አልነገርኳትም።

አሁን ወደ ባልዲው። ሁለት ነገር ነው የተደበላለቀብሽ። ጊጋ የሚባለው ጨርቁ ነው፣ ስንት ሜትር እንደማለት። ፍጥነቱ ደግሞ የስፌት መኪናሽ ነው። ካሜራው ጨርቅ ሳያቋርጥ ይገፋል፤ መኪናው ካልደረሰበት ይጨማደዳል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ቪዲዮው ይንተባተባል ማለት ነው። ክብ ውስጥ ያለው አስር ለዚያች ላፕቶፕ ካሜራ ይበቃል። ባልዲ ውስጥ ያለው ሦስት ከአስሩም ይፈጥናል፤ ካገኘሽው ጥሩ፣ ካጣሽው አትዘኚ። በትልቁ መቶ ምናምን ብለው የሚጽፉት ቁጥር የማንበቢያው ፍጥነት ነውና አያታልልሽ፣ እኛ የምንፈልገው የመጻፊያውን ነው።

ስልሳ አራት ጊጋ ግዢ። ጋሼን ከአስር ሰዓት በላይ ይይዘዋል። ከዚያ በላይ አያስፈልግሽም፤ ላፕቶፑም ትንሽ ስለሆነ በጣም ትልቁን ላያነበው ይችላል። ደግሞ በጣም ትልቅ ሆኖ በጣም ርካሽ የሆነ ካየሽ እጅሽን ሰብስቢ።

እንደገዛሽ መጀመሪያ እስከ አፉ የማይረባ ነገር ሙዪበት፣ ከዚያ ሁሉንም መልሰሽ ክፈቺው። ሁሉም ከተከፈተ ነው ጋሼን የምታስቀምጪበት። ይህንን እባክሽ አትዝለዪው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 14

ሽቦ፣

ያዘዝከኝን አልገዛሁም። ይኸው ከመጀመሪያው ነገርኩህ፤ አሁን ሳትቆጣ አንብብ።

ደብዳቤህን ለጋሼህ ሳነብለት "ፍጥነት" የምትለዋን ያዘ። "እኔ በአንድ ትንፋሽ አስራ ሁለት ከተማ ነው የምጠራው! ቀርፋፋ ካርድ ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎብኝ ይሄዳል" አለ። ካሜራው እንጂ አንተ አይደለህም የምትፈጥነው ብለው ማን ሊሰማኝ። "ሽቦ ልጅ ነው፤ እኔ ስጠራ ሰምቶ አያውቅም" አለኝ። አብሮህ ስንት ዓመት ኖሮ!

እኔ ደግሞ ስፋቱን ያዝኩ። መኪና ላይ ተቀምጬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ጨርቅ ሲተርፍ ይታጠፋል፣ ሲያንስ ግን የሰው ገላ አይቆረጥም። አንተ ስልሳ አራት ብለህ የለካኸው በማን ገላ ነው? ሰውየው ጡሩምባ ነው! አስር ሰዓት ለእሱ መግቢያው ነው።

ሱቅ አብረን ሄደን ስንጨቃጨቅ ባለ ሱቁ አይቶ ከመሳቢያው አንድ አወጣ። አምስት መቶ አስራ ሁለት ጊጋ፣ ባልዲ ውስጥም ሦስት አለው። ከስልሳ አራቱ ደግሞ ይረክሳል። ለምን ስለው "ማስተዋወቂያ ነው" አለኝ። እሱ ፍጥነቱን አገኘ፣ እኔ ስፋቱን፤ ታርቀን ወጣን። ላፕቶፑም ካርዱን ስከትበት አምስት መቶ አስራ ሁለት ብሎ አሳየኝ። አያነበውም ያልከው እንዲህ ነው?

ሞክሪው ያልከኝን ሞክሬዋለሁ፣ ሳላስበው። ጋሼህን ፀጉሩን አበጥሬ አስቀመጥኩት። የመቅረጫዋን ቀይ ቁልፍ ተጭኜ "በል ተናገር" ስለው ዓይኑን አፈጠጠ። "ምን ልበል? ማይኩ የታለ?" አንድ ቃል አላወጣም። ያ አፍ! ተናድጄ "ተወው፣ አጥፍቼዋለሁ" አልኩትና ወደ ጓዳ ወደ ስፌቴ ገባሁ። ለካ አልጠፋም ኖሯል። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ወንበር ሲቀርጽ ውሏል። መጀመሪያውን ከፍቼ የራሴን አፍንጫ አየሁና ዘጋሁት፤ ይሠራል። "ሙከራ" ብዬ ስም ሰጠሁት። ልደመስሰው አልኩና፣ ቦታ ሞልቶ ምን አስቸኮለኝ ብዬ ተውኩት።

አሁን ለምዶታል፤ በየቀኑ ከሰዓት ይቀመጥልኛል። የሚያስለቅሰኝ አንድ ነገር ብቻ አለ። የተዋወቅንበትን ቀን ታሪክ ታውቀዋለህ። ጣቢያው ውስጥ ሰማያዊ ከረጢቴን ከነጨርቁ ጥዬ፣ እሱ በማይክ ሲጠራኝ ሮጬ ደረስኩ። "ይኸው መጣሁ" እያልኩት ፊቴ ቆሞ ደጋግሞ ይጠራል። "እዚህ ነኝ እኮ!" ስለው ማይኩን በእጁ ሸፍኖ "አውቃለሁ፤ ስምሽን እስክትነግሪኝ ነው" አለኝ። እስከ ዛሬ ሲጠራኝ ባለ ከረጢቷ ነው። ያንን ጥሪ በልልኝ ብዬ ስለምነው እምቢ አለ። "ያረጀ ቀልድ ነው" ይለኛል። ለምን እንደሚሸሸው አልገባኝም።

እህትህ


ጥቅምት 23

እትዬ፣

ጋሼ መልመዱ ደስ አሰኝቶኛል። "ስጠራ ሰምቶ አያውቅም" ላለው ግን፣ የእኔን ያህል ሲጠራ የሰማው ሰው የለም በይልኝ።

ስለ ካርዱ አልቆጣም። ጥቂት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር ሲፋቅ ይለቃል? ጀርባው ላይ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ ወይስ ባዶ ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ በቅርብ የቀረጻችሁትን፣ የመጨረሻውን፣ ዛሬውኑ ክፈቺው። መጀመሪያውን ሳይሆን መጨረሻውን። እስከ ፍጻሜው እዪውና ጻፊልኝ።

እንዲሁ ለጥንቃቄ ያህል ነው። ምናልባትም ምንም የለም። አታስቢበት፣ ግን ክፈቺው።

ሰላም ሁኚ። ጋሼን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 28

ሽቦ፣

"አታስቢበት ግን ክፈቺው" ማለት ምን ማለት ነው? ወይ አታሳስበኝ ወይ ንገረኝ!

ጽሑፉ ይለቃል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ባልዲው ግማሹ ጣቴ ላይ ቀርቷል። በየቀኑ ሳወጣው ሳስገባው ነው። ጀርባው ባዶ ነው። ቢሆንስ? የጀርባ ጽሑፍ ለማን ይጠቅማል?

የመጨረሻውን ክፈቺ ላልከው ግን አልከፍትም። አትከፋ። ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ሰውየው አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያወራ ሳጥን ውስጥ ልስማው እንዴ? እሱን ማየት የምጀምረው ድምፁ ከቤቱ የወጣ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ብከፍተው ገና በቁሙ የቀበርኩት ይመስለኛል። ሟርት ነው፣ አላደርገውም።

ኦፕራሲዮኑ ሰኞ ነው። ምን ያላለው አለ መሰለህ! የመንገዱን ከተሞች ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ጠርቷል። ዕቃቸውን የሚረሱ መንገደኞችን፣ አውቶቡስ ላይ የተወለደውን ሕፃን፣ ሊሸኝ መጥቶ ተሳፍሮ የሄደውን ሰው አንድ በአንድ አውርቷል። አንተንም ሰድቦሃል፣ በፍቅር ነው። የሚመጡትን ልደቶቼን እየጠራ "እንኳን አደረሰሽ" ብሎልኛል፣ ለየዓመቱ ለየብቻ። ድምፁ ሻክሯል፤ አንዳንዴ መሀል ላይ ውኃ ይጠጣና ይቀጥላል።

ትናንት መጨረሻውን ቀረጽን። በስንት ልመና ያንን ጥሪ ጠራልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መሀሉ ላይ ድምፁ ተሰብሮበት። እኔም አለቀስኩ፣ እሱም ፊቱን አዞረ። አሁን ምንም ቢመጣ አለኝ። አምስት መቶ አስራ ሁለት ጊጋ ሰውዬ አለኝ።

ስለዚህ አታስጨንቀኝ። ይልቅ ጸልይልን።

እህትህ


ኅዳር 16

ሽቦ፣

ሰላምታውን ዝለለው።

ጋሼህ ተርፏል። ቤት ገብቷል። አንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ይተነፍሳል። ሐኪሙ በሽታው ሙልጭ ብሎ ወጥቷል አለን፤ ተመስገን። ሲፈልገኝ ጠረጴዛውን ያንኳኳል፣ ሌላውን ደብተር ላይ ይጽፍልኛል። ይህን ቤት እንዲህ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። የቧንቧው ጠብታ ይሰማኛል፤ ለካ ስንት ዓመት ያንጠባጥብ ኖሯል።

ትናንት ከሰዓት እሱ ጋደም ሲል ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስሞቹ ሁሉ ተደርድረዋል። "ከተሞች" የሚለውን ስጫን ጥቁር ሆኖ ቀረ። "ሕፃኑ" የሚለውን ስጫን አይከፈትም አለኝ። ልደቶቹም እንዲሁ። "ከረጢት" የሚለውን ብጫን፣ ብጫን፣ ብጫን፣ እሱም። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ካርዱን አውጥቼ በቀሚሴ ጠርጌ መለስኩት። ሞላ እንዳልል፣ ገና አራት መቶ ምናምን ይቀረኛል ይላል። ተሰረቀ እንዳልል፣ ስሞቹ በቦታቸው አሉ። ስም ብቻ ቀርቶ ሰው የት ይሄዳል? ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።

አንተ ግን ታውቅ ነበር አይደል? በጥፍር ፋቂው፣ ጀርባውን እዪው፣ መጨረሻውን ክፈቺው እያልክ የዞርከው ለዚህ ነበር። ለምን በግልጽ አልነገርከኝም? ሰኞ እስኪደርስ ሌላ ካርድ ገዝቼ ማስደገም አልችልም ነበር?

ለጋሼህ አልነገርኩትም። ዛሬ ጠዋት በጣቱ ወደ ላፕቶፑ አመለከተና "አየሽው?" እንደማለት ቅንድቡን አነሳ። "በጣም ያምራል" አልኩት። ደስ ብሎት ወደ ቁርሱ ተመለሰ።

ካርዱን በሾፌሩ እጅ ልኬልሃለሁ። እግዚአብሔርን ብለህ አንድ ነገር አድርግ።


ኅዳር 25

እትዬ፣

አውቅ ነበር። ከስልሳ አራቱ ይረክሳል የሚለውን ሳነብ ነው የጠረጠርኩት። "የውሸት ካርድ ነው፣ ጣዪው" ብዬ መጻፍ ሲገባኝ፣ ባላችሁበት ጭንቅ ላይ ላለመጨመር ብዬ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። አልከፍትም ብለሽ የጻፍሽው ሲደርሰኝ ስልኩን አንስቼ ነበር። ጋሼ ቢያነሳውስ፣ ምን እለዋለሁ፣ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ተሳስቼም ይሆናል እያልኩ ራሴን አሞኘሁ። ይህ ጨዋነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳን አፍራለሁ።

ግራ ገባኝ ላልሽው መልሱ ይኸው። ካርዱ ስምንት ጊጋ ብቻ ነው። ውስጡን ነካክተውት ላፕቶፑን "አምስት መቶ አስራ ሁለት ነኝ" ብሎ ይዋሸዋል። ስምንቱ ከሞላ በኋላ የሰጠሽውን ሁሉ እሺ ብሎ ይቀበልና ስሙን መዝግቦ ዕቃውን ይጥለዋል። መሥሪያ ቤት ባለው መሣሪያ ሁሉ ፈለግኩት። ያልተጻፈ ነገር አይመለስም እትዬ። ከተሞቹ የሉም። ልደቶቹ የሉም። የከረጢቱም የለም።

የተረፈው አንድ ነው፣ "ሙከራ" ያልሽው። ስምንቱን ጊጋ ጠቅልሎ የያዘው እሱ ነው። መጀመሪያ ሳየው አቃጠለኝ። ባዶ ወንበር! ለጋሼ የሚሆነውን ቦታ ወንበር በላበት አልኩ። ከጓዳ የስፌት መኪናሽ ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም። ልዘጋው ስል ጋሼ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ድምፁም ገና አልሻከረም። ሁለት ቃል ሰምቼ ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተ ነው።

በደህና ስልሳ አራት ላይ ገልብጬዋለሁ። ክብ ውስጥ አስር አለው። እስከ አፉ ሞልቼ፣ ሁሉንም መልሼ ከፍቼ ፈትሼዋለሁ፤ ሌላ ቅጂም እኔ ጋ አስቀርቻለሁ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ብቻሽን አትዪው። መጀመሪያ ለጋሼ እውነቱን ንገሪው፣ ከዚያ አብራችሁ እዩት። መደበቅ የት እንዳደረሰኝ አይተሻል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 6

ሽቦ ወንድሜ፣

ነገርኩት። እንደመከርከኝ ሳልሸፋፍን፣ እያለቀስኩ። ደብተሩን ሳበና "ሁሉም?" ብሎ ጻፈ። "ሁሉም" አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጫነ። እኔን ሊያጽናና! ድምፁን ያጣው እሱ፣ የምጽናናው እኔ፤ እንደሱ ያለ ሰው የት ይገኛል?

አንተ የላክልንን ካርድ ከተትን። አፍንጫዬ መጣ፣ "አጥፍቼዋለሁ" ብዬ ወጣሁ። እሱም ተነሥቶ ሄደ። ወንበሩን እያየን ቆየን። ወደፊት ላሳልፈው ስል እጄን ያዘኝና በትዕግሥት ጠብቂ አለኝ በዓይኑ። ያኔ ገባኝ፤ እሱ የሚያውቀው ነገር አለ።

ተመልሶ ተቀመጠ። ወደ ጓዳው በር ተገላምጦ አየ። ላፕቶፑ የጠፋ መስሎታል። ጉሮሮውን ጠረገና ዝግ ብሎ "ሰማያዊ ከረጢት የጠፋብሽ እህት" አለ። "አይ፣ እንዲህ አልነበረም" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ጀመረ፣ ከፍ አለበትና ደንግጦ በሩን አየ። ሦስተኛው ላይ ያዘው። ያ የጣቢያው ድምፅ፣ ራሱ! "ሰማያዊ ከረጢት የጠፋብሽ እህት፣ ዕቃሽ ተገኝቷል፤ መጥተሽ ውሰጂ።" አንድም ሳይሰበር። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ "እሷ ፊት ስለው ይሰበርብኛል፤ ብለማመደው ይሻላል" አለ።

እምቢ ያለኝ ለዚህ ነበር ሽቦ! እኔ ያረጀ ቀልድ ነው ያለኝን አምኜ አኩርፌው ነበር።

ቪዲዮው ላይ የስፌት መኪናዬ ዝም አለና ከጓዳ የራሴ ድምፅ መጣ፣ መጠየቄን ጨርሶ አላስታውሰውም። "ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከካርዱ ጋር!"

"ይፈጥናል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ዝም ብሎ ይሰማኛል፣ እንዳንቺ አይጨቃጨቅም!"

ዞሬ ሳየው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሲስቅ ነው። ድምፅ የለውም እንጂ ያው ሳቁ ነው፣ ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ከሁለታችን የሚሰማው የእኔ ብቻ ነበር።

አንተን ይቅር ብያለሁ። ስልሳ አራት ይበቃል ያልከኝም እውነት ነው፤ በልኩ ለክተህ ነበር። ባለ ሱቁን ግን ሄጄ ልኩን አሳይቼዋለሁ፤ እሱን ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ። ጋሼህ ወረቀቱን ካልሰጠሽኝ እያለ ጠረጴዛውን እየደበደበ ነው። ይኸው እሰጠዋለሁ።

እህትህ


ሽቦ፣ እኔ ነኝ፣ ጋሼ።

ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ድሮ አፍ እያለኝ እጄን ምን አደክማለሁ ብዬ ነበር፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢወላገድ አትሳቅ። ደህና ነኝ። አንገቴን ብርድ እንዳይነካው ባለ ከረጢቷ ሻርፕ ሰፍታልኛለች፣ አንድ ሜትር ይተርፈዋል።

የጠፉት ይጥፉ። እነሱን የተናገርኩት ለካሜራው ብዬ ነው። የተረፈው እኔ ነኝ።

ካርዱ ግን ፈጣን ይሁን ብዬ ነበር፤ አንተም እሷም አልሰማችሁኝም። አሁን ዝም ስላልኩ ክርክሩን የረታች ይመስላታል። ምን ዋጋ አለው፤ በየቀኑ ከሰዓት ላፕቶፑን ራሷ ትከፍትና እኔን ስጠራት ትሰማለች። አጠገቧ ተቀምጬ እያለሁ "ይኸው መጣሁ" ትለዋለች።